የሸራ ጣሪያ ሻጋታ፦ ሸራውን ሳይጎዱ ማጠብና እንዳይመለስ ማድረግ

ጁባ ላይ ዝናቡ ከሚያዝያ ይጀምርና እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። በመሐል ፋታ ይሰጣል እንጂ ጨርሶ አይተወንም። የደጋው አገራችን ክረምት ብርድ አለው፤ የዚህኛው ግን ሙቅ ነው። ሙቀትና እርጥበት ሲገጥሙ ደግሞ ለሻጋታ ሠርግና ምላሽ ነው። እኔ እዚህ ጁባ ጣሪያ በመጠገንና ሸራ በመወጠር ነው የምኖረው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከሰው አፍ የምሰማው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ «ሸራው ጠቁሯል፣ ቤቱ ይሸታል፣ ልጆቹ ያስላሉ።»

ከጁባ ወጣ ብሎ ያለው የጎሮም መጠለያ ከጋምቤላ የመጡ ወገኖቻችን ለዓመታት የኖሩበት ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ደግሞ ከዚያ የሸሹ ብዙ ሰዎች ተጨምረውበታል። ሰው ሲበዛ አዲስ ሸራ ተራው ይርቃል። ስለዚህ ያለችው ሸራ ከርማ እንድትከርም ማድረግ የራሳችን ሥራ ሆኗል። ችግሩ ምን መሰላችሁ? ብዙ ሸራ ሲበላሽ የማየው በሻጋታው አይደለም። ሻጋታውን ለማስለቀቅ በተደረገው ፍተጋ ነው።

ሸራው ምንድን ነው የተሠራው?

ከዩኤንኤችሲአር የሚታደለው ሸራ ብዙውን ጊዜ 4 በ5 ሜትር ነው። ቀይ መስቀልና ሌሎች ድርጅቶች የሚሰጡት 4 በ6 ሜትር ይሆናል። ሁለቱም አሠራራቸው ተመሳሳይ ነው። መሐሉ ከጥቁር የላስቲክ ክር የተሸመነ ነው፤ ጉልበቱ ያለው እዚያ ላይ ነው። በዚህ ሽመና ላይ ከላይም ከታችም ነጭ ስስ ላስቲክ ተለብጦበታል። ውሃ የሚከለክለው ይህ ልባጭ ነው። የፀሐይ ጨረር ቶሎ እንዳያደርቀውም መከላከያ ተጨምሮበታል። ልባጩ እንዴት ስስ እንደሆነ ለማወቅ ከአሮጌ ሸራ ጫፍ ላይ በጥፍራችሁ ፋቅ አድርጋችሁ እዩት።

እንግዲህ ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ላስቲክ ለሻጋታ ምግብ አይሆነውም። እንጨትን፣ ሣርን፣ ጥጥን፣ ወረቀትን ይበላል፤ ላስቲክን ግን አይበላም። ታዲያ ሸራው ላይ ምን እየበላ ይኖራል ካላችሁ፣ ላዩ ላይ የተቀመጠውን ነው፦ አቧራ፣ የማገዶ ጭስ የተወው ጥቀርሻ፣ የዘይት እንፋሎት፣ የቅጠል ብስባሽ፣ የእጅ ወዝ። ይህ ካለና እርጥበት ከተገኘ ሻጋታው ይበቅላል። ከሁለቱ አንዱን ካሳጣችሁት አይኖርም። ስለዚህ ሥራው ቆሻሻውን በስሱ ማንሣትና ሸራው እንዲደርቅ ማድረግ ነው። ልባጩን ልጦ ማውጣት ምንም አይጠቅምም፤ እንዲያውም ሻካራ ሲሆን ቆሻሻው የበለጠ ይይዝበታል።

በአሜሪካና በካናዳ ሰዎች በመኪና የሚጎትቱት ተንቀሳቃሽ ቤት አላቸው፤ የብዙው ጣሪያ ኢፒዲኤም በሚባል ሰው ሠራሽ ጎማ የተሸፈነ ነው። እሱም ጥላ ሥር ከቆመ ይሻግታል። ስለ አጠባቡ የሚሰጠው ምክር ከእኛ ሸራ ጋር አንድ ነው፦ ለስላሳ ሳሙና፣ ብዙ ውሃ፣ መካከለኛ ብሩሽ። የሚቧጥጥ ነገር አይነካውም፣ ነዳጅ ነክ ነገርም አይጠጋውም፤ ጎማውን ያሳብጠዋልና። ባለ መኪናውም ባለ ሸራውም ጠላታቸው አንድ ነው ማለት ነው።

ጥቁር ሁሉ ሻጋታ አይደለም

ከመታጠቡ በፊት ይህን መለየት ያስፈልጋል። ሸራ ላይ ሦስት ዓይነት ጥቁር ነገር አለ። አንዱ ሻጋታ ነው፤ ነጠብጣብ ነጠብጣብ እያለ ይጀምርና ክብ እየሆነ ይሰፋል፣ ይሸታልም። ሁለተኛው ጥቀርሻ ነው፤ ይህ ከምድጃው በላይ በአንድ ወገን ተሰብስቦ ይገኛል፣ በጣት ሲነኩት ይቀባል። ሦስተኛው ከነጩ ልባጭ ሥር ያለው ጥቁር ሽመና ራሱ ነው። ልባጩ ሲያልቅ ሽመናው ብቅ ይላል። ብዙ ሰው ይህንን ሻጋታ ነው ብሎ ሲፈትግ ይውላል። በፈተገ ቁጥር ጥቁሩ ይጨምራል፤ በመጨረሻ ጣሪያው ወንፊት ይሆናል።

መለያው ቀላል ነው። በሳሙና ውሃ ቦታውን በጨርቅ አብሱትና አንድ ጠብታ በረኪና ጣል አድርጉበት። ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ሻጋታ ከሆነ ቀለሙ ይነጣል። ጥቀርሻ ወይም ሽመና ከሆነ እንደጠቆረ ይቀራል። ጥቀርሻውን ሳሙና ያነሣዋል። ሽመናው ከሆነ ግን ብሩሹን አስቀምጡ፤ ያ ቦታ የሚያስፈልገው እጣቢ ሳይሆን ሌላ ቁራጭ ሸራ ነው።

አጠባቡ

ቀን ምረጡ። እዚህ ዝናቡ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚመጣ ሥራው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ቢጀመር ይሻላል፤ እስከ ቀትር ታጥቦ ፀሐይ ያገኛል። ሸራውን ማውረድ የሚቻል ከሆነ አውርዱት። ተሰቅሎ እያለ ከውስጥ መፈተግ ሻጋታውን በፊታችሁ ላይ፣ በፍራሽና በእህል ላይ ማራገፍ ነው። ማውረድ ካልተቻለ ዕቃውን ሁሉ አውጥታችሁ፣ በሩን ከፍታችሁ፣ አፍና አፍንጫችሁን በጨርቅ ሸፍናችሁ ሥሩ። አስም ያለበት ሰው፣ ሕፃናትና ነፍሰ ጡር ሴት በዚያ ሰዓት ከአካባቢው ራቅ ይበሉ።

ሸራውን ጠጠር ላይ አታንጥፉት። ሣር ላይ ወይም አሮጌ ሸራ ላይ ይሁን፤ በጫማም አትርገጡት። መጀመሪያ በውሃ ብቻ አቧራውን አውርዱ። አቧራው እያለ መፈተግ በአሸዋ ወረቀት እንደመፋቅ ነው። ቀጥሎ ኦሞ ወይም የልብስ ሳሙና በባልዲ ውሃ በጥብጣችሁ በለስላሳ ብሩሽ ወይም በአሮጌ ጨርቅ እሹት። ኮኞ ኮኞ ገበያ የልብስ ብሩሽ አይጠፋም፤ ግን ጠጉሩ የሚለጠጥ መሆኑን በእጃችሁ ሞክሩ። የድስት ሽቦ፣ አሸዋና አመድ ይቅር። አመድ አገር ቤት ለድስት የተመሰገነ ነው፣ አልክድም፤ ለዚህ ልባጭ ግን ይሻክራል። ቤንዚን፣ ናፍጣና ነጭ ጋዝማ ጨርሶ አይታሰብም። ሸራ በባዶውም ቢሆን የሚነድ ነገር ነው፤ ሲነድ ደግሞ እየቀለጠ ሰው ላይ ይንጠባጠባል።

ብዙ ጊዜ ሳሙናው ብቻውን ይበቃል። እድፉ አልወጣ ካለ ብቻ ወደ በረኪና ሂዱ። (ጁባ ገበያ ላይ «ጂክ» ብትሉ ይገባቸዋል።) ልኩ በ4 ሊትር ንጹሕ ውሃ 1 የሻይ ብርጭቆ ነው። ከዚህ ማብዛት ሻጋታውን በተለየ አይገድለውም፤ ሸራውንና ሳንባችሁን ነው የሚጎዳው። ቀቡትና 10 ደቂቃ ያህል ርሶ ይቆይ፤ ከዚያ በብዙ ውሃ አለቅልቁት። በረኪና ላዩ ላይ ደርቆ አይቅር።

ስለ በረኪና አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ። ከኮምጣጤ ጋር፣ ከሎሚ ጋር፣ ከሌላ የማጽጃ ኬሚካል ጋር አትቀላቅሉት። ከአሲድ ጋር ሲገናኝ የክሎሪን ጋዝ ያወጣል፤ በዝግ ክፍል ውስጥ ይህ ሰው ይገድላል። ሽንት በነካው ጨርቅና ፍራሽ ላይም አታፍሱት፤ ሽንት ውስጥ ያለው አሞኒያ ከበረኪና ጋር ሌላ መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል። በጀሪካን ከበጠበጣችሁ ያ ጀሪካን ለመጠጥ ውሃ አይመለስ፤ ልጆች እንዳይጠጡትም ምልክት አድርጉበት። እጣቢውንም ከውሃ ጉድጓዱ ርቃችሁ ድፉት።

ውሃ ከየት ይመጣል ለምትሉ፣ ልክ ናችሁ። ወረፋ ተይዞ የተቀዳ ውሃ ለሸራ ማጠቢያ ማፍሰስ ያሳዝናል። እኔ ለአንድ ሸራ ባለ 20 ሊትር ሁለት ጀሪካን ይበቃኛል፤ እሱንም የምሞላው ከዚያው ጣሪያ ከሚወርደው የዝናብ ውሃ ነው። ባልዲ ከሸራው ጠርዝ ሥር አስቀምጡ፣ በቃ።

በኋላ ሸራውን ገመድ ላይ አስጡት፤ ሁለቱም ገጽ ይድረቅ። ውሃ ተጠርጎ የወጣ የሚመስለው እጥፋትና ዳር ዳሩ ላይ ያለው ስፌት ውስጥ ይቀራል። ያልደረቀ ሸራ ጠቅልሎ ማስቀመጥ ሻጋታን በእጅ መዝራት ነው።

የታጠበ ሸራ ላይ ሽታው ጠፍቶ ግራጫ ጥላ ቢቀር አትጨነቁ፤ እድፉ ነው እንጂ ሻጋታው አይደለም። በተቃራኒው በረኪና ረጭቶ ሳያጥቡ መተው አይበቃም። የሞተ ሻጋታም ለሚያስለው ልጅ ሻጋታ ነው፤ ከቤቱ መውጣት አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. ስለ እርጥበትና ሻጋታ ባወጣው መመሪያ በእርጥብና በሻገተ ቤት የሚኖሩ ሰዎች ለሳል፣ ለትንፋሽ ማፏጨትና ለአስም ይበልጥ እንደሚጋለጡ አስፍሯል።

የጨርቅ ድንኳን ያላችሁ

የቤተሰብ ድንኳኑ ከጥጥና ከፖሊስተር የተቀላቀለ ጨርቅ ስለሆነ ሕጉ ይለያል። ጥጥ ለሻጋታ ምግብ ነው። ጨርቁ ውሃ እንዳያሳልፍ የተነከረበትን ነገር ደግሞ ሳሙናም በረኪናም ያወጡታል፤ በረኪና ክሩንም ያደክማል። ስለዚህ ድንኳኑ በደንብ ሲደርቅ ውጭ ሆናችሁ፣ ነፋሱን ከጀርባ አድርጋችሁ በለስላሳ ብሩሽ አራግፉት። ከዚያ 1 እጅ ኮምጣጤ በ4 እጅ ውሃ በጥብጣችሁ በጨርቅ አብሱት፣ ፀሐይ ላይም ይዋል። ነጠብጣቡ ጨርሶ ላይጠፋ ይችላል። በጣታችሁ ስትጫኑት ጨርቁ ከተበሳ አብቅቶለታል ማለት ነው።

ጣሪያው ሳያፈስ የሚያንጠባጥበው ውሃ

ከሁሉ በላይ ሰው የሚያስቸግረኝ በዚህ ነው። «ሸራው ተቀዷል፣ ና ድፈንልን» ይሉኛል። ሄጄ ብፈልግ ቀዳዳ የለም። ሸራው አላበው ነው እንጂ አላፈሰሰም።

ሌሊት ሰማዩ ሲጠራ ሸራው ስስ ስለሆነ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ከሥሩ አምስት ስድስት ሰው ይተነፍሳል፣ የራሰ ልብስ ተሰቅሏል፣ የማታው ወጥ እንፋሎት አልወጣም። ያ ሁሉ እርጥበት ቀዝቃዛውን ሸራ ሲነካ ውሃ ይሆናል፤ የድስት ክዳን ከውስጥ እንደሚያልበው ማለት ነው። ሊነጋ ሲል መንጠባጠብ ይጀምራል። መለያው ይኸው፦ ቀዳዳ የሚያፈሰው በዝናብ ሰዓት፣ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ነው። ላበት ግን ዝናብ በሌለበት ሌሊትም ይመጣል፣ ሸራውንም ሙሉ በሙሉ ያረጥባል። ሻጋታውም በውስጥ ገጽ ላይ፣ በተለይ ከሰው መኝታ በላይና በማዕዘኖቹ ላይ ይሆናል።

መድኃኒቱ ነፋስ ነው። ከጣሪያው ጫፍ ሥር፣ በፊትና በጀርባ ግድግዳ ላይ ትይዩ የሆኑ ሁለት መተንፈሻዎች ክፈቱ፤ ሁለት ስንዝር ያህል ቢሆኑ ይበቃል። አንዱ ብቻ አይሠራም፤ አየር መግቢያም መውጫም ይፈልጋል። ዝናብ እንዳይገባ ከላይ ቁራጭ ሸራ እንደ ቆብ ይንጠልጠል፤ ለትንኝ ደግሞ የተቀደደ አሮጌ አጎበር ይወጠርበት። (ደህናውን አጎበር አትቁረጡ፤ ወባ ከሻጋታ ይብሳል።) ብቻቸውን የሚኖሩ እናቶች ቀዳዳ መክፈት እንደሚያስፈራቸው አውቃለሁ። ለዚህ ነው ከላይ፣ እጅ በማይደርስበት ቦታ ይሁን የምለው።

ቀን ቀን የጎኑን ሸራ ወደ ላይ ጠቅልላችሁ አስነፍሱ። የራሰ ልብስ ውስጥ አታስጡ። ምድጃውን ከተቻለ ወደ ውጭ አውጡት፤ እንፋሎቱም፣ ጥቀርሻውም፣ የእሳቱ ስጋትም አብሮ ይወጣል። ቡናውንም በረንዳ ላይ አፍሉት፣ ጎረቤት ይምጣበት። ቤት ውስጥ የረጠበ ነገር ሁሉ በአንድ ቀን፣ ቢበዛ በሁለት ቀን ውስጥ ከደረቀ ሻጋታ ሥር ለመስደድ ጊዜ አያገኝም። ከዚያ ካለፈ ግን ጠብቁት።

ከውጭ በኩል ዋናው ጠላት ኩሬ ነው። ሸራው ረግቦ ውሃ የሚቋጥርበት ቦታ ቅጠልና አቧራ ያጠራቅማል፤ ሻጋታውም ከዚያ ይነሣል። ጣሪያውን ሾል አድርጉት። እኔ የምሠራበት ልክ ከመሐል ምሰሶው እስከ ጠርዙ ላለው ለእያንዳንዱ 1 ሜትር ግማሽ ሜትር ቁልቁለት ነው። ሸራው እንደ ከበሮ ይወጠር፤ ከዝናብ በኋላ የረገበውን እንደገና ሳቡት። ሲታሰር በሸራው ውስጥ ለስላሳ ጠጠር ጠቅልላችሁ አንገቱን በገመድ እሰሩት፤ ሳይበሳ ይያዛል። ምስማር የግድ ከሆነ ከሥሩ ቆርኪና የካላማዳሪ ቁራጭ ይግባበት። በቤቱ ዙሪያ ቦይ ቆፍሩ፤ የግድግዳው ሸራ ከሥሩ የሚጠቁረው በሚረጨው ጭቃ ነው።

ሣር በሸራ ላይ ስለማልበስ ሁሌ ክርክር አለ። ሣሩ ፀሐይ ስለሚከለክል ሸራው ዕድሜ ያገኛል፣ ቤቱም ይቀዘቅዛል። ከላይ ያለው ሣር ቢሻግት ለሰው ትንፋሽ ያን ያህል አያሰጋም። ጉዳቱ የሚመጣው በተገላቢጦሽ፣ እርጥብ ሣር ላይ ሸራ ሲደፋበት ነው። ሣሩ መተንፈሻ አጥቶ ይበሰብሳል፣ ብስባሹም ወደ ቤት ይረግፋል። እንዲህ ያለ ቤት የሠራችሁ በበጋ፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ፣ ሸራውን ገልጣችሁ ሣሩን አድርቁት።

ከተማ ውስጥ በኮንቴይነር ክፍል ወይም በቆርቆሮ ቤት የምንኖረውም ከላበቱ አላመለጥንም። ከ1997 ዓ.ም. የሰላም ስምምነት በኋላ ጁባ በኮንቴይነር ክፍሎች ተሞልታ ነበር፤ ዛሬም ብዙዎቹ አሉ። ብረቱ ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ ያልበዋል፣ ከሥሩ ያለው ኮምፔንሳቶ ውሃውን ይጠጣል። ኮምፔንሳቶ እንጨት ስለሆነ ሻጋታው ውስጡ ይገባል፤ ላዩን ማበስ አይበቃም። የላላውንና የሸተተውን ቆርጦ መጣል ነው። አልጋውንና ቁምሣጥኑን ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቁ።

የሚንጠባጠበው ምን ላይ ነው?

የሸራው ነገር የሚከፋው ከሥሩ እህል ሲኖር ነው። ማሽላና በቆሎው ማዳበሪያ ውስጥ ሆኖ መሬት ላይ ይቀመጣል፤ ከላይ ይንጠባጠብበታል፣ ከታች እርጥበት ይስባል። በቆሎና ኦቾሎኒ ላይ የሚበቅል አንድ ዓይነት ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫል። ይህ መርዝ ታጥቦ አይለቅም፣ ተቀቅሎም ተጋግሮም አይጠፋም። በ2004 እ.ኤ.አ. በምሥራቅ ኬንያ የሻገተ በቆሎ በልተው 317 ሰዎች ታመው 125 ሞተዋል። የተራበ ቤት እህል መጣል ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። ግን የሻገተውን ለልጅ አታብሉ፣ ለዶሮም አትስጡ። ማዳበሪያውን በእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ ከመኝታ በላይ ካለው ላበታም ሸራ ሥር ደግሞ አይሁን።

መቼ ይበቃዋል?

ሸራውን ወደ ፀሐይ አንሥታችሁ ከሥሩ ተመልከቱ። እንደ ከዋክብት ነጠብጣብ ብርሃን የሚያሳይ ከሆነ ልባጩ አልቋል። ስታጥፉት እጥፋቱ ላይ ከተሰነጠቀ ፀሐይ አድርቆታል። ከዚያ ወዲያ ማጠብ ልፋት ነው፤ ለመጠለያ ኮሚቴው አሳይታችሁ አስመዝግቡ። በዝናብ መሐል ሳይሆን መጋቢት ሳይወጣ ብታስመዘግቡ ይሻላል።

አሮጌውን አትጣሉት። ደህና የሆነውን ክፍል ቆርጣችሁ ለመጣፊያ አስቀምጡት። ላስቲክ ማስቲሽ በደንብ አይዘውም፤ በመርፌ የተሰፋም ሁሉ በየቀዳዳው ያፈሳል። ሸራው ታጥቦ በደንብ ከደረቀ ጠንካራ ፕላስተር በሁለቱም ገጽ ይያዛል። ትልቅ ቀዳዳ ከሆነ ቁራጩን ከላይኛው ጠርዝ በሰፊው አስደርባችሁ፣ የጣሪያው ቁልቁለት ወዳለበት አዙራችሁ በጠጠር እሰሩት። የቀረው ለማገዶ መሸፈኛ፣ ለቦይ ማልበሻ፣ ከርብራቡ ሥር መሬት ላይ ለማንጠፍ ይሆናል። በረኪና የነካው ወይም የሻገተው ቁራጭ ላይ ግን በርበሬም እህልም አታስጡ።